ኮከባቸው አንድ ነው

ሐረጎን ስንወርድ፣ ገና ሳናጋምስ፣
ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል፣ እጇ ቦርሳው ሲደርስ፣
«ከመቶው መልሱን…» ብላ
ጦይባ ተኛች።
ጣቷ ብሩን እንደያዘ፣ ቃሏ እንደተንጠለጠለ፣
ታች ኮምቦልቻ በጭጋግ ውስጥ ብልጭ ድርግም እያለ።
ከኋላ አንዷ ሴትዮ፦ «ልጅቱ ጠጥታ ነው?»
ሌላው፦ «የሌት ሥራ ይሆናል፤ ድካም እኮ ጠላት ነው።»

የሌት ሥራው የኔ ነው። የፋብሪካ ማሽን ጠባቂ፣
እንቅልፌን በወር ደሞዝ ሸጬ አዳሪ፣ ዓይኔን አድራቂ።
እሷ ናት በጠራራ ፀሐይ፣ ሳትሸጥ ሳትለውጥ፣
እንቅልፍ ነጥቆ የሚወስዳት፣ ወሬ ጀምራ በወሬው ውስጥ።

መንታ ነን። በሰባት ደቂቃ እበልጣታለሁ፤
መስታወት ሲጠፋ፣ ፊቷን እያየሁ ፀጉሬን አበጥራለሁ።
ስንወለድ ኮከብ ቆጣሪው፣ የእማዬን ስም ደምሮ፣
«ኮከባቸው አንድ ነው» አለ፣ በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ።

አሥራ አራት ሲሆነን፣ ጉንፋን ደሴን ባሳለበት ክረምት፣
አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ወደቅን፣ ባንድ ሳል፣ ባንድ ትኩሳት።
እኔ በሳምንቱ ተነሣሁ።
እሷም ተነሣች፤ ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣
ከመነሣቷ የጎደለ ነገር ነበር።
ጎረቤት «ዱካክ ነው» አለ፣ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የሚያድር፣
እያየች፣ እየሰማች፣ እጅ እግሯን የሚያስር።
ጠበሉም ዱዓውም ተሞከረ፤ ወሎ ነው፣ ማንም አልተቀየመ፤
እሷ ጸሎቱ መሀል ተኛች፣ የጸለየላት እስኪነጋ ደከመ።

ኋላ፣ ደሴ ሆስፒታል፣ ዶክተር ምንይችል የሁለታችንን ደም ቀዳ፤
ናሙናው ባሕር ተሻገረ፤ ውጤቱ በስድስት ወሩ መጣ፣ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ።
ሁለት ወረቀት፣ አንድ ጽሑፍ፦ ፊደል፣ ፊደል፣ ኮከብ፣
ዜሮ ስድስት፣ ዜሮ ሁለት። እማዬ ጣቷን አስቀመጠች፦ «ይኼ ኮከብ
የምን ነው?» የዘር ምልክት። «የሁለቱም አንድ ነው?» አንድ ነው።
ተቀመጠች። ያ ኮከብ ቆጣሪ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው።

ዶክተሩ ሲያስረዳ አልገባኝም። የገባኝ ማታ ነው፣ ፋብሪካው በር፣
ጋሽ ሙሄ ተረኛ ሆኖ ሲፈትሸን ነበር።
ክር የሰረቀው ሰውዬ ሰማያዊ ለብሶ ነበር አሉ፤
ከእጅጌው የተቀደደ ቁራጭ ይዞ፣ ያስተያያል ከሁሉ።
በደማችን በርም እንዲህ ያለ እጅ አለ፣
ለወታደሩ ቁራጭ የሚያሳይ፣ «ይኸን የለበሰ ያዙ» እያለ።
ጉንፋኑ ሰማያዊ ለብሶ ገባ።
ከአንጎሏ ጓዳ ደግሞ፣ ሌት ተቀን ኩራዝ የሚለኩሱ
ጥቂት መብራት አብሪዎች ነበሩ፣ እነሱም ሰማያዊ የሚለብሱ።
ያዟቸው።
አንድ ባንድ አጠፏቸው።

«ይመስላል» ነው የሚለው ዶክተሩ፤ ምስክሩ ገና አልተሟላም።
እኔን ለምን እንደ ማረኝ ስጠይቀው ግን፣ «ይመስላል» እንኳ አላለም።
ያው ኮከብ በኔም አለ። ረዳቱም ይኖረው ይሆናል፤
ስንቱ ይዞት ነቅቶ ያረጃል! ኮከብ ብቻውን ማንን ይጥላል?

እንቅልፉስ እንቅልፍ ነው። የከፋው ሳቅ ነው።
ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው።
ሰኞ ገበያ፣ ሽንኩርት ስንከራከር፣ ባመጣሁት ቀልድ፣
እንደ ተበጠሰ ድር ረገፈች፣ ሰው ከቦ ሲፈርድ።
ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ቀልድ የሚባል አላወራሁም።
እሷው ተቆጣችኝ፦ «ነቅቼ የምቆየው ለዜና መሰለሽ? አይደለም!»

አሁን ሥርዓት አለን፦
መጀመሪያ ክንዴ ወገቧ ላይ ይዞራል፤
ቀልዱ ከዚያ ይከተላል።

ሚኒባሱ ቦርከናን ተሻገረ። «ወራጅ አለ?» አለ።
ዓይኗን ገለጠች፤ ብሩ በጣቷ መሀል እንዳለ፣
«…ስጠኝ» አለችው፣ ከሐረጎ የጀመረችውን ቃል ስትጨርስ።
ረዳቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ
ክንዴን አዞርኩ፣ ሳቁ እሷ ጋ ሳይደርስ።