የቀረው ቀለም

ሐምሌ ነው። ብቸናን ዝናብ አልለቀቃትም፤
አባይ በረሃ ላይ መኪና አያልፍም፣
ናዳ ወርዷል አሉ፤ ሦስተኛ ሳምንቱ፣
ኦና ሆኖ ከርሟል የልየው ሱቅ ቤቱ።

«ሰማያዊ አለ?» «አልቋል።»
«ቅጠልያስ?» «አልቋል።»
«ነጭስ?» «ሩብ ጣሳ ነበር፣ እሱም ደርቋል።»
ከመደርደሪያው ጥግ፣ አቧራ ለብሰው፣
ሦስት ቆርቆሮዎች፣ ጠያቂ የሌላቸው፤
ሮዝ፣ ቡላ፣ ወይን ጠጅ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ያልነካቸው የኔ እጅ።

ሮዝ የሳል ሽሮፕ ነው፤ አፍንጫዬን ይዘው የጋቱኝ፣
ጥርሴን ብነክስም በጎን ያፈሰሱብኝ።
ቡላ የጭቃ ነው፤ አንድ እግር ጫማዬን
ውጦ ያስቀረብኝ፣ ያሳቀብኝ ጓደኞቼን።
ወይን ጠጅ?
እሱን ምክንያት የለኝም፤
በቃ አልወደውም።
ሰው በባዶ ሜዳ ይጠላ የለም?

እትዬ አንጓች ግን መንገድ አትጠብቅም፤
«ለፍልሰታ ልክፈት ነው የምለው ሱቄን፣
ሣልልኝ ግድግዳው ላይ ግብጦዬን፣ ወንዜን።
ባለህ ቀባውና ገላግለኝ በቃ።»
«በነዚህ? እትዬ፣ የታመመ ነው የሚመስለው።»
ሳቀች። «ግብጦስ ቢሆን ጥሬውን ማን ሊበላው?
ሙጋ ይመክረዋል፣ ሰባት ቀን፣ በጆንያ፤
መራራው ከውሃው ጋር ይወርዳል ወደዚያ።
ደግሞም፣ ደባስ፣ ዋጋውን ቀንስልኝ፤
ራስህ በጠላኸው ቀለም ልታስከፍለኝ?»

ቡላውን ከፈትኩት፤ ሸተተኝ ጋዙ፣
ሰፊውን ብሩሽ ነክሬ ጀመርኩት ከወንዙ።
እጄ ሲመላለስ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ፤
ብሩሹን እንደያዝኩ በሩ ላይ ወጣሁኝ።
ሙጋ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ሞልቶ፣ አፈር ተሸክሞ፣
ቡላ ነው።
ከዳር እስከ ዳር ቡላ።

በየምግብ ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣
የባንክ ቀን መቁጠሪያ አይቼ፣ ከፎቶግራፉ ቀድቼ፣
ወንዝ ሁሉ ሰማያዊ ነው ብዬ ስቀባ ኖሬ፣
የማን ወንዝ ነበረ? መቼ አየሁት በአገሬ፣
በሐምሌ?

ወይን ጠጁን ለጮቄ ሰጠሁት፤
ዝናቡ አባርቶ ጀንበር ከኋላው ስትገባ
ያለውን ትከሻ፣ ያንን ነው የቀባሁት።
ቡላ ጣል ሳደርግበት ጥላው ጠለቀ፣
ሌሊት የሚያድርበት ሸለቆ ዘለቀ።
ዝም ብዬ አየሁት።

ሮዝ ቀረ።
ሰማይ ላይ ሞከርኩት፤ ሽሮፕ ሆነ፣ ፋቅሁት።
አበባ ላይ አደረግኩት፤
የግብጦ አበባ ነጭ ነው፤ መዋሸቴ ነው፣ ፋቅሁት።
ክዳኑን ልመልስ ሳጎነብስ፣
እትዬ አንጓች ከወንዝ መጣች ጆንያ አዝላ፣
ውሃው በቀሚሷ ላይ እየወረደ፤
ዘረጋችልኝ እጇን፤ «ቅመስ፣ መራራው ሄደ?»

ግብጦውን አላየሁም።
መዳፏን ነው ያየሁት፤
ሰባት ቀን ከውሃ ጋር የከረመ፣
የተሸበሸበ፣ የተሰነጣጠቀ፣
በስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ
ሮዝ።

«እንዳትነቃነቂ!»
«ምን ሆንክ አንተ?»
«እጅሽን እዚያው ያዢው። እንዳታጥፊው።»
ግብጦው ከመዳፏ አንድ ሁለት ፍሬ እየጣለ፣
ዶሮ እየለቀመው፣
እስኪመሽ ቆመች፤ አንዴም ሳታጉረመርም ሳይሆን፣
እያጉረመረመች።

ነሐሴ ላይ መንገዱ ተከፈተ።
ልየው ከበሩ ተጣራ፤ «ደባስ፣ ሰማያዊህ መጣልህ!»
ገዛሁት። በካቻቢቴ ከፍቼ አየሁት።
ያምራል። ምን ይወጣለታል።
መልሼ ዘጋሁት።

ሮዝን ዛሬም አልወደውም፤ ማንም አያስወድደኝም።
ግን ያቺ መዳፍ ግድግዳው ላይ አለች፣
ግብጦ የሚገዛ ሁሉ ትከሻውን ያስደግፍባታል፤
በየጋቢው፣ በየእጅጌው ጥቂት ጥቂት ትሄዳለች።
ሲሳሳባት ትጠራኛለች፤ «ና እንጂ! እጄ ሊጠፋ ነው!»
ቆርቆሮውን አንሥቼ እሄዳለሁ፣
አፍንጫዬን ይዤ።