ያነሰ ሁሉ

ደሴ ላይ አንዱን ሰፈር ቧንቧ ውሃ ይሉታል፤
ቧንቧው ግን የሚናገረው በሳምንት ሁለቴ ነው።
እኔ ከጦሳ ግርጌ፣ ከማጠራቀሚያው ጎን፣
አንድ አምፖል ባላት ክፍል
አራት ጠርሙስ ደርድሬ አስታምማለሁ።

ውሃው ያው፣ አሞኒያው ያው፣ ክሎሪኑም በአንድ ማንኪያ የተሰፈረ፤
የለያየኋቸው በጠብታ አሲድ ብቻ፦
ዘጠኝ። ስምንት። ሰባት። ስድስት ተኩል።
ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ይኮመጥጣል
ብዬ ለጋሽ ሽፋው ባስረዳው፣
የሞተር ቅባት ከጣቱ እየጠረገ፣
«እንደኛው ነዋ» አለ፣ «ያነሰ ሁሉ ይኮመጥጣል።»

በየሰዓቱ ከየጠርሙሱ እቀዳለሁ፤
ዱቄቷን ስበትንበት ውሃው እንዳፈረ ሰው ይቀላል።
ባለ ዘጠኙ እስካሁን ፊቱ ቀይ ነው፤
ናይትሮጅንና ክሎሪን፣ ጋብቻቸው ክሎራሚን የሚባለው፣
እንደ አሮጌ ባልና ሚስት
ሳይነጋገሩ፣ ሳይላቀቁም አድረዋል።

ስድስት ተኩሉ ጋ ግን አሲዱ መሃል ገብቷል።
ነገረኛ ጎረቤት ታውቁ የለ?
ለአንዱ ሹክ፣ ለሌላው ሹክ፤
አንዱ ክሎሪኑን ጥሎ ባዶ እጁን ይቀራል፣
ሌላው ሁለት ተሸክሞ ይንገዳገዳል፤
ሁለት የተሸከመ ደግሞ አይከርምም፣
ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑ በንኖ ከጦሳ ጉም ይቀላቀላል።
አሲዱስ?
አሲዱማ ምን ጎደለበት፣
ካፈረሰው ቤት እንደ አገባቡ ይወጣል።

ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ለካሁ፤
«በቂ» ብዬ ጻፍኩ። ጦይባ ይመር፤ ፊርማዬ ይኸው።
ውሸት አልነበረም።
ውሃው ግን ገና መንገደኛ ነበር፤
ሆጤን አልፎ፣ ዝገት እየላሰ፣ ሁለት ሌሊት አድሮ፣
ከሉባባ ደጅ ሲደርስ በውስጡ ጠባቂ የለም።
ልጇ አንዋር አሥራ አንድ ቀን ተኛ።
ተነሣ፣ አልሐምዱሊላህ።
ሉባባ ዛሬም ስታገኘኝ ትስቅልኛለች፤
ለሳቋ መለኪያ የለኝም።

ስንት አለ? ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤
እስከ ስንት ቀን ይኖራል? አላልኩም።
ምን ያህል ኮምጥጧል? እሱንም አላልኩም።

ነገ ጋሽ ሽፋው ኖራ ይጭናል፣ ሦስት ከረጢት፤
ለአራተኛው ገንዘብ ያዥዋ አልፈረመችም።

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት።
ከስድስት ተኩሉ ቀዳሁ፤ በተንኩ፤ ጠበቅሁ።
አልቀላም።
ወደ አምፖሉ አነሣሁት፦
ጥርት ያለ፣ ኩልል ያለ፣
እንግዳ ቢመጣ ከአራቱ
መጀመሪያ የሚያነሣው።