ይብረድ

መሐል ሜዳ ላይ ውሃ ይቸኩላል፤
በቅጡ ሳይግል ቡልቅ ቡልቅ ይላል።
ባቄላው ግን ድንጋይ፤ ከጠዋት እስከ ማታ
አንድ ሸክም ጭራሮ በልቶ የማይረታ።

ታክቶኝ፣ ከደብረ ብርሃን ገዝቼ ያመጣሁት፣
አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ያቀፍኩት
ፕሬዠር ድስት ነው፤ መያዣው የተሰነጠቀ።
ጎማው ግን ደህና ነው፤ ገና ያላለቀ።

እትዬ ጌጤነሽ፣ ያከራዩኝ ሴት፣
“ይሄ ቦምብ ነው” አሉ፣ “አውጣልኝ ከቤት!”

መጀመሪያ ቀን ውሃ አሳነስኩ፤
አረረ።
በሁለተኛው እስካፉ ሞላሁት፤
አረፋው ተረጭቶ ግድግዳው ላይ ቀረ።

በሦስተኛው፣ ዓርብ ዕለት፣ ከግማሽ ሳላልፍ፣
የጎማውን ዙሪያ በጣቴ ዳስሼ፣
ክዳኑን ቀጭ አድርጌ፣
ማፏጨት ሲጀምር ከሰሉን ቀንሼ…

“ስንት ደቂቃ ነው?” አሉኝ ከበር ውጭ።
“ሃያ” አልኩ፣ ድስቱ ሲያፏጭ።
መብራት የለም፤ ስልኬ ሞቷል፤ ሰዓት ከየት ይምጣ?
እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው
የዓርቡን ውዳሴ ማርያም ጀመሩ፣ ከደጅ ቆመው፤
ድስቱም እንደ ደብተራ ከውስጥ እየተቀበላቸው።

አሜን ሲሉ አወረድኩት። ልከፍት እጄን ስሰድ፣
“ተው!” አሉኝ፣ “የተቆጣ ይነካል? ይብረድ።”

ጠበቅን፤ እሳቸው ከደፉ ማዶ፣ እኔ ከዚህ።
ያ ሁሉ ቁጣ ስስስ ብሎ አለቀ፤
ባቄላው በሁለት ጣት መሐል ደቀቀ።

አንድ ፍሬ ቀመሱ። ጨው ጠየቁ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

በማግስቱ ደጄ ላይ አንድ ቁና አተር፤
“ለቦምቡ” ብለው ትተውልኝ ነበር።