አሥራ አምስተኛው መዳብ

ኩዌንካ ገደል አፋፍ፣ ቤቶች ተንጠልጥለው፣
ወንዙን ቁልቁል ሲያዩ አንገት አስግገው፣
እኔ የማተሚያውን እጀታ ስገፋ፣
ኤውፍራሲያ በመርፌ መዳብ ላይ ስትለፋ፣
ጣቶቿ በአሲድ ቢጫ፣ የእኔ ጥፍር ጥላሸት፣
ደሞዜ ግማሹ ዳቦ፣ ግማሹ ሽንኩርት።

መጽሐፉን ሁሉም ያውቃል፤ መቶ ዓመት አልፎታል፤
ሕፃን እንኳ ከመሐሉ አንድ ገጽ በቃሉ ይለዋል፦
ስንጥቅ ደወል ጭኖ በአንዲት በቅሎ ጀርባ፣
የሚሰቅልበት ግንብ ፍለጋ ከመንደር መንደር የሚገባ
አንድ ሽማግሌ፤ ሁሉም በር ዘግቶበት፣
“ይሄ ደወል ያስላል” እያለ ሲስቅበት።

ጌታችን ኢንዳሌሲዮ፣ የማተሚያው ባለቤት፣
“ሃያ አራት ሥዕል” አለ፣ “እስከ ፋሲካ ዕለት።”
አፍንጫውን ለሽማግሌው አበደረ ውኃ ሻጩ ቴሎ፤
በእፍኝ ገብስ ቆመች ፓርዳም፣ የእሱ በቅሎ፣
አንዱ ጆሮዋ ቀና፣ ሌላው ወደ መሬት፣
ከታች አንድ ሰው በስሟ እንደሚጠራት።

መዳብ ሐሰተኛ ነው፤ ቀኙን ግራ ያደርጋል፤
የሚሄደውን ሰው ሲመጣ ያሳያል።
ስለዚህ እሷ መንገዱን ገልብጣ ትስል ነበር፦
መዳቡ ላይ ሲመለስ፣ ወረቀት ላይ ሲሻገር።

ጥር ላይ፣ አሥራ አራተኛው በታተመ ማግስት፣
ደረጃው በረዶ ጋግሮ እንደ መስታወት፣
ቴሎ ብቻውን መጣ። እንስራው በጫንቃው።
ማንም አልጠየቀው።
ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ ነበር የያዘው።
ገመዱ አልተበጠሰም፤ ያጠረው ሌላ ነው።

ኤውፍራሲያ አሥራ አምስተኛውን መዳብ አነሳች።
በመጽሐፉ መሠረት በቅሎዋ እዚህም አለች፤
እስከ መጨረሻው ገጽ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣
በሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ ጳጳስ ትነክሳለች።
እሷ ግን ሽማግሌውን ብቻ፣
ደወሉን በገዛ ጀርባው አዝሎ፣ እንደ ልጅ፤
ከኋላው የሁለት እግር ዱካ፣ በበረዶ ደጅ።

ኢንዳሌሲዮ ጮኸ፦ “በቅሎዋስ? የት ገባች?
ገዢ ለበቅሎም ነው የሚከፍለው!”
መርፌዋን ጠረገች። “ከኮረብታው ኋላ ናት፤
ቀድማ አልፋለች” አለች፤ “ወረቀቱ አጠራት።”

መዳብ ውድ ነው፤ ፋሲካ ቀርቧል፤ አተምነው።
ሦስት መቶ ጊዜ እጀታውን የገፋሁት እኔ ነኝ።

አርባ ዓመት አለፈ። በአልማግሮ ገበያ፣
የደረቀ ዓሣ ተራ፣ ከዓምዶቹ ወዲያ፣
ሻጯ ለአንድ መምህር ስትምል ሰማሁ፦
“በረዶው ውስጥ ስትሞት እኔ አልቅሻለሁ!
ምስኪን በቅሎ! ሽማግሌው አቅፏት አደረ።”
መምህሩ መጽሐፉን አወጣ፤ ገለጠ፤ ቆጠረ፤
አንድም መስመር የለም። “እንዲያውም” አለ፣ “ከዚህ በኋላ
ጳጳስ ትነክሳለች።”
“እሷማ” አለችው፣ “ሌላ።”

እኔ አልተነፈስኩም። ሁለት ዓሣ አስመዘንኩ።
ዋጋውን ሳልከራከር ከፍዬ ሄድኩ።
መንገድ ላይ ትከሻዬን ጠዘጠዘኝ፣ እጀታ የገፋሁበትን፤
ቀኙን።
ወይስ ግራውን።