ሞላ

ደጀን ገበያ ጫፍ፣ ከእህል በረንዳው ጀርባ፣
ቆርቆሮ ጣራ አለኝ፣ ዝናብ የሚያስገባ።
አንድ ማታ ልየው መኪናውን ጎትቶ
ደጄ ላይ አቆመው፣ ከነጭቃው አምጥቶ።

መኪና ካሉት ነው፤ በር የለው፣ ጣራ የለው፣
የውሃ ቧንቧ አጥፎ ራሱ የበየደው፤
ሞተሩ ከሚኒባስ፣ ወንበሩ ከባጃጅ፣
ለአስፋልት አይደለም፣ ለድንጋይ የሚበጅ።

«ከኩራር ቁልቁለት ወፍጮ ቆሟል» አለኝ፣
«ሞተር ላወርድ ነው፣ በቅሎ አልሆነልኝ።»
ወፍጮውስ እውነት ነው። ዓይኑን ግን አየሁት፤
ድንጋይ የወደደ ዓይን ነው፣ አወቅሁት፤
በሃያ ዓመቴ እኔም ነበርኩበት።

ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣ አራት ሞላ፣
ቀይ፣ ገና ላስቲኩ ከላዩ ያልላላ።
«ጠንካራ ነው» አለኝ፣ በኩራት መታ መታ፣
«አይሱዙ ቢጫነው አይልም ዝቅታ።»
«ችግሩስ ይኸው ነው» አልኩት በዝግታ።

አምሳ ኩንታል ጤፍ የሚሸከም ጀርባ
ምን ያደርግልሃል ባዶህን ስትገባ?
አንዱ ጎማ ሽቅብ ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣
ሌላው አፈር ካልነካ ያኔ መጣ ጣጣ፤
ግትር ሞላ ጎማን አየር ላይ ይሰቅላል፣
የተሰቀለ ጎማ ምን ይቆነጥጣል?

«በል ይመዘን» ብዬ እህል በረንዳ ሄድን፤
ዘበኛው አቶ አንማው ባትሪ አበሩልን፣
«ዘንድሮ የዘራችሁት ብረት ነው ወይ?» አሉን።
ጤፍና ሽንብራ በሚመዘንበት
ጎማውን አንድ በአንድ ባስኩል ላይ ጫንንበት።
ፊት ግራው፣ ባትሪና ሾፌር ያሉበት ጎን፣
ሁለት ኩንታል ከሃያ ኪሎ ሆነልን፤
ቀኙ ሁለት እንኳ ሳይሞላ ቀረ፤
የኋላው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበረ።

ሞላ የሚጠይቅህ ይህንን ነው፣ ልየው።
ቀለሙን አይደለም።

ከጓሮዬ ወጣ፣ ከዝገቱ ክምር፣
የአሮጌ ቪታራ ሞላ ነው፣ ያለ ክብር፤
ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት የሚሰማ፣
ጉድጓድ ድረስ ወርዶ የሚያስከትል ጎማ።
ሞላ ለብቻው ግን መዝለል ነው ሥራው፤
አሞርዛተር ነው «ቀስ» ብሎ የሚገራው።
ልየው ካመጣቸው አንዱ ዘይቱን ጨርሷል፣
ስስበው እንደ ጎማ መንፊያ ይመጣል፣
ስገፋው ይገባል፣ አይሟገት፣ አይል።
የቀሩትን በእጃችን፣ በትንፋሻቸው ለየን፣
ሲታጠፍ የማይከብድ፣ ሲዘረጋ የሚያዘግመውን።

ሊነጋ ሲል ገጠምን። ቀዩ ከረጢቱ ተመለሰ፤
ልየው አላለቀሰም፣ ግን አፍንጫውን ዳሰሰ።

ሐምሌ ነው። ስልክ ጮኸ፣ ከታች ከገደሉ፣
ኔትወርክ በልቶታል፣ አይሰማም ቃሉ።
«ጋሼ! ሞላ!» አለኝ። «ሞላ!» ብሎ ጠፋ።
ሰበረው! አልኩ፤ ያ ሁሉ ሌሊት ለከንቱ ተለፋ።
ቀዩን አንዱን ሞላ ትከሻ ላይ ሰቅዬ፣
ወረድኩ ቁልቁለቱን፣ ጫማዬን ከጭቃ ጥዬ።

መኪናው ደህና ነው። አራቱም ጎማ ቆሟል፣
አንዱ ቋጥኝ ይዟል፣ አንዱ ጉድጓድ ወርዷል፣
የወፍጮው ሞተር ከኋላው ታስሯል።
ከፊቱ ግን ጅረቱ፣ በሰኔ መጀመሪያ
ልጅ ዘሎ የሚያልፈው፣
ጠቁሮ፣ ግንድ ያንከባልላል።
ልየው በአገጩ አሳየኝ፣ ሳቁን እየዋጠ፦
«ሞላ።»

ጎጃም ተወልጄ ኅብረ ቃል አሞኘኝ!
ምን ልበለው? ቀዩን ሳሩ ላይ አቆምኩት፣
ደክሞኝ ነበርና ተቀመጥኩበት፤
ያን ያህል ወንድ ሰው፣ ቅንጣት አልወረደም።

«ጠንካራ ነው» አለኝ።
ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ሌላ አልተናገርንም።