አትንኩ

በሐሚልተን ከተማ፣ በጋለሪው ክፍል፣
ሥዕል እጠብቃለሁ፣ የኛን ሐይቅ የሚመስል።
ሰማዩ ብርቱካን፣ ውኃው የዝገት ቀለም፤
የአንዲት ዳክዬ ክንፍ ዘይት ጠጥቶ፣ መዘርጋት አልቻለም።

ሰው ቆሞ ያደንቃል፦ «ይህን ቀይ ማን ወለደው?»
እኔ ዝም እላለሁ፤ እጄ ነው የሚያውቀው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ያንን እሳት ቀለብኩ፣ ከተማው ሳይነቃ፤
ኪራይ ሆነ፣ ጫማ ሆነ፣ የልጄ ቫዮሊን።

ትናንት አንዲት ሕፃን ሶፍት ይዛ መጣች፣
ዳክዬዋን ልትጠርግ ክንዷን ዘረጋች።
«አትንኪ!» አልኳት ቶሎ። ለዚሁ ነው የቀጠሩኝ።

ለሸራው ገመድ አለው፣ መብራት፣ ዘበኛ፤
ሐይቁ ዳር የነበርን ግን እኛ ነን፣ እኛ።

ማታ ከሥራ ወጥቼ ወደ ወደቡ ወረድኩ፤
ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ፣
እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣
ውኃው ፊት ቆምኩ።