ቢጫው ይፍሰስ

የዕቁቡ ዕጣ ሲደርሰኝ፣ ጸሐፊው ጋሽ ደምመላሽ
«ባጃጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፣ «ወይስ ለቤትህ ማደሻ?»
ፀጉር ነው አላልኩም።
ስልጠና አለብኝ ብዬ ኢስታንቡል ሄድኩኝ፤
ከማጅራቴ ነቅለው ግንባሬ ላይ ተከሉልኝ፤
ሦስት ሺህ ችግኝ፣ አንድ በአንድ፣ ቆጥረው አስረከቡኝ።

ምክንያቱ? እሺ፣ ሳቁ።
ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ጢም ያለ አውቶቡስ ላይ
ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ብድግ አለች እኔን ስታይ፤
«አባባ፣ ይቀመጡ።»
አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።
ተቀመጥኩ።
እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ በመስኮቱ መስታወት
የአባቴን ራስ አየሁት፣ በእኔ አንገት።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ።
ቅርፊቱ ያሳክካል፤ እንዳልፍቀው እጄን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ
አራተኛ ፎቅ ላይ ሳልተኛ ነጋ፣ ስንጎራደድ አድሬ።
የሰጡኝ ቅባት አልቋል። ብደውል አስተርጓሚው
«አሥር ቀን ካለፈህ፣» አለኝ፣ «እሬትም ይበቃሃል።»
እሬት!
ስሙ ብቻ ምላሴን አመረረው።

እናቴ ጡት ልታስጥለኝ የቀባችው እሱን ነው።
ካደግሁ ወዲያ ነገረችኝ፣ ካዛንቺስ፣ በረንዳችን ላይ፣
«አንዴ ቀመስክና፣» አለች፣ «ዳግም ዞረህም አታይ፤
ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።»
እሷም የለች አሁን። ካዛንቺስም ፈረሰ፤
በረንዳው በየትኛው አስፋልት ሥር እንደሆነ እንጃ።

የብሎካችን ዘበኛ ኦቦ ዱጋሳ ይባላሉ።
ኮፍያዬን አይተው ምንም አላሉ፤
ከአጥሩ ጥግ ወሰዱኝ፣ ከትራንስፎርመሩ ጀርባ፣
ዶዘር የሳተው እሬት፣ አቧራ የለበሰ፣ ያለ አበባ።
«ሀርጊሳ» አሉት በቋንቋቸው። «ድንበሬ እዚህ ነበረ።
ከዚህ እስከዚያ ብሎክ ምስር፣ ከዚያ ወዲያ ጤፍ።»

ቅጠሉን ቆርጠው ድንጋይ ላይ አዘቅዝቀው አስደገፉት።
«ቆይ፣ ቢጫው ይፍሰስ፤ የሚያቃጥለው እሱ ነው።»
ቆየን።
ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ካሳው ስንት እንደነበረ፣ በካሬ፤
ልጃቸው በካሳው ሚኒባስ እንደገዛ፣
ሚኒባሱ ከሞጆ ወዲህ እንደተገለበጠ፤
ልጁ ተርፏል፣ እግሩ ግን።
ከዚያ በገዛ ማሳቸው ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ።
ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለ።
ቢጫው ጠብ፣ ጠብ፣ በሲሚንቶው ላይ።
«አሁን» አሉ።
ልጣጩን ገፈው ሥጋውን ሰጡኝ፣ ብርጭቆ የመሰለውን።
«አትሸው። አስቀምጠውና ተወው።»

ቀዘቀዘኝ። ሌላ ምን ልበል?
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያልዘጋሁትን ዓይን ዘጋሁ።

«ስንት ከፈልክ?»
ነገርኳቸው።
«በዚያ ብር...» አሉና ተዉት።
«ይይዛል?»
«ሐኪሙ እንዳለው መጀመሪያ ይረግፋል።
በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ይረግፋል፤ ሥሩ ከያዘ ግን
በአራተኛው ወር...»
ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።
«እኛም ረግፈናል፣» አሉ፣ «መርገፉንስ አውቀዋለሁ፤
የማላውቀው ሥሩን ነው።»

እውነትም ረገፈ። ትራሴ ላይ እንደ ጤፍ ገለባ።
ከዚያው ቁጥቋጦ አንድ ጉንቁል ሰጥተውኝ
በቀለም ቆርቆሮ ተክዬ በረንዳዬ ላይ አስቀመጥኩት፤
«ውኃ አታብዛበት!» ይሉኛል ከታች፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።
ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ
ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ፤
ራሳቸው መላጣ ነው፣ አላውቅም ነበር።
ቆምኩ።
እኔም ኮፍያዬን አነሳሁ።